ስልክ ተራምዶ አይታለፍም

ቴጋል አሪ፣ ከባንግሊ በላይ
እሑድ፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች በዓል ማግስት

ለምወድሽ ልጄ ለካዴክ ዊራስቲ፤

ከተራራው፣ ከሐይቁና ከአያቶችሽ ማደሪያ ሰላም ይድረስሽ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ መርከባችሁ በየትኛው ባሕር ላይ እንደምትሆን አላውቅም፤ የትም ሁኚ፣ ብቻ ደህና ሁኚልኝ። ባለፈው በላክሽው ፎቶ ላይ ከስተሻል። እናትሽ «ፎቶው ነው እንጂ ልጅቷስ ደህና ናት» ትላለች። እኔ ግን የልጄን ጉንጭ አውቃለሁ። የፈረንጆቹ ምግብ አልስማማሽ ካለ ወጥ ቤት ያለውን የአገራችንን ልጅ ለምኚውና ሩዝ በሚያቃጥል ሳምባል ይሥራልሽ። «ኩራት እራት ነው» የሚለውን ተረት መርከብ ላይ እንዳትተርቺብኝ።

«አባዬ ስደውል ለምን አያነሳም?» ብለሽ እንደከሰስሽኝ እናትሽ ነግራኛለች። ኔትወርኩ ነው ልጄ። ዝናቡ ከገባ ወዲህ እዚህ ተራራ ላይ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። «ታዲያ እናቴ አንድ ሰዓት ሙሉ እንዴት ታወራኛለች?» ትይ ይሆናል። የእናትሽ ስልክ ሌላ፣ የኔ ስልክ ሌላ። ደግሞስ ደብዳቤ ምን ክፋት አለው? ደብዳቤ ላይ «ሃሎ! ሃሎ! አይሰማም!» እያሉ መጮህ የለም።

ዕቃው ደርሶኛል። ለዕረፍት የመጣችው ጓደኛሽ እቤት ድረስ አመጣችልን፤ እናትሽም የሙዝ ጥብስ ሳታበላት አልለቀቀቻትም። ድምፅ ማጉያው እንዴት ያለ ነው! ክፍሌ ውስጥ ነፍስ ዘራበት፤ ወደታች እነግርሻለሁ። ከሥሩ የሸጎጥሻትን ትንሿን ሳጥን ግን አልከፈትኳትም። ምን እንዳለባት ክዳኗ ላይ ያለው ሥዕል ይናገራል፦ ጆሮ፣ ከጆሮው ኋላ ደግሞ የባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር። አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም። ከሸለቆው ማዶ የነሐስ ጎንግ ሲመታ የየትኛው መንደር ጎንግ እንደሆነ እየለየሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጆሮዬ ላይ ባቄላ ተክዬ አልዞርም። ይህ ጉዳይ እዚህ ላይ አበቃ።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልግባ። ክፍሌን ሊዘጉብኝ ነበር!

ዳይሬክተራችን ኢቡ ላስሚ አዲስ ናት፤ በዕድሜ አንቺን ብታክል ነው። ክፋት የለባትም፤ ሰው ስታናግር ፈገግ ትላለች። አንድ ቀን ቢሮዋ አስጠራችኝና «ፓክ ክቱት፣ መሣሪያ የሌለው የሙዚቃ ክፍል እንዴት ይሆናል?» አለችኝ። ውሸት የለባትም። የቀርከሃ መሣሪያዎቻችን በመሬት መንቀጥቀጡ ጊዜ ጣራው ተጭኗቸው ማገዶ ሆነዋል። ከበላይ የመጣው ትእዛዝ ደግሞ መሣሪያ የሌለው ትምህርት ቤት የሙዚቃውን ሰዓት ለኮምፒውተር ጽሕፈት ይስጥ ይላል።

«መሣሪያማ አለን» አልኳት።

«የት?»

«በየልጆቹ ኪስ።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ስልኬን አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አጋደምኩና አሳየኋት። ስክሪኑ ላይ የጋንግሳው የነሐስ ሳንቃዎች ተደርድረዋል፤ በጣትሽ ስትነኪያቸው ይጮኻሉ። ይህን የመሰለ ነገር ኢንተርኔት ላይ በነፃ ሞልቷል። ግን ድምፁ የሌላ ሰፈር ነው። የሁለት መንደር ነሐስ አንድ ዓይነት ድምፅ እንደማይሰጥ አንቺም ታውቂያለሽ፤ የኛው ልጅ በሌላ መንደር ነሐስ ከተማረ ጆሮው ወደዚያ ሰፈር አግብቶ ሄደ ማለት ነው። «የራሳችንን መንደር ጋሜላን፣ ነሐሱን ሁሉ፣ ቀድቼ ስልኮቹ ውስጥ አስገባለሁ» አልኳት። «ልጆቹ የገዛ አያቶቻቸውን ድምፅ ይማሩበታል።»

ትንሽ አሰበችና «እሺ» አለች። «በመሣሪያዎች በዓል ቀን ወላጆች ፊት ያሳዩን። ወላጆቹ ‹ይህ ሙዚቃ ነው› ካሉ ሰዓቱ የእርስዎ ነው። ካላሉ ግን ፓክ፣ አዝናለሁ።»

«አታዝኚም» አልኳትና ወጣሁ።

የመንደሩ ጋሜላን ያለበት አዳራሽ ቁልፍ በማን እጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ኞማን ሬጌግ የጎንግ ማኅበሩ አለቃ ከሆነ ወዲህ ነሐሱን ከገዛ ሚስቱ በላይ ይጠብቃል። በአንድ ወንዝ ዋኝተን፣ ከአንድ ሰው ማንጎ ሰርቀን ያደግን ሰዎች ነን፤ በሙዚቃ ነገር ግን አንድ ቀን ተስማምተን አናውቅም። አዳራሹ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የውጊያ ዶሮውን እግር ሲያሽ አገኘሁት።

«ስልክ ውስጥ ልትከተው?» አለኝ። «አማልክት የሚወርዱበትን ድምፅ፣ ሰው የዶሮ ውርርድ በሚያይበት ዕቃ ውስጥ?»

«የዶሮ ውርርድ የምታይበትማ አንተ ነህ።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለ ምንም ሳያፍር። «ለዚህም ነው ዕቃውን የማውቀው።»

«ታዲያ ልጆቹ በምን ይማሩ? አንተ እንደሆንክ ነሐሱን አታስነካቸውም።»

«ሲያድጉ ይነካሉ።»

«ሴት ልጆቹስ?»

የዶሮውን እግር ማሸት ቀጠለ።

የመቅደሱ ካህን ግን ፈቀዱልኝ። «ድምፁ በነፋስም ይሄዳል፤ ነፋስ ማንን አስፈቅዶ ያውቃል?» አሉ። አበባና ዕጣን አቀረብን፣ ጠበል ተረጨ፣ ስልኬም ተረጨ። ሬጌግ እየተነጫነጨ ከፈተልኝ። ድምፅ እንዴት እንደሚቀዳ፣ እንዴት እንደሚቆረጥና ስልክ ላይ እንዴት እንደሚጫን ኢንተርኔት ላይ ከአንድ ፀጉሩን ቢጫ ከቀባ ጎረምሳ ነው የተማርኩት። ቪዲዮውን እያስቆምኩ፣ ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ እያነበብኩ፣ እንደገና እያስጀመርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ኖሬ እንደዚያ ልጅ የታገሠኝ አስተማሪ አላየሁም፤ መቼም ቪዲዮ አይሰለች። አንዱን ሳንቃ ስመታ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ስጠብቅ፣ ሌላውን ስመታ ዋልኩ። አራተኛው ሳንቃ ላይ በደረስኩ ቁጥር የሬጌግ ዶሮ ከቅርጫቱ ውስጥ ይጮኻል። ደግሜ ብቀዳው ደግሞ ጮኸ። «ይኑርበት!» ብዬ ተውኩት። የሰፈሩ ልጅ እሱም ነው።

ስሕተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ነሐሶቻችን ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ ሴትና ወንድ። ሁለቱም ያው አንድ ድምፅ ናቸው፣ ግን ሴቷ ትንሽ ዝቅ ትላለች። አብረው ሲመቱ ይጨቃጨቃሉ፤ ከጭቅጭቃቸው ያ ሞገድ ይወጣል፣ ኡዉ-ኡዉ-ኡዉ እያለ የሚተነፍሰው። ያለ ሞገድ ነሐስ ነሐስ አይደለም፤ ብረት ድስት ነው። ትንሽ ልጅ ሳለሽ ጎንግ አጠገብ አስቀምጬሽ «ሆዴ ውስጥ ገባ!» ብለሽ የጮኽሽው ሞገዱ ነበር። ያን ቀን ግን ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ሬጌግ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ቆሞብኛል። ሴቶቹን ብቻ ቀዳሁ። እቤት ገብቼ ያንኑ ድምፅ ገለበጥኩና ለወንዶቹም ሰጠሁ። «በዚህች ትንሽ ልዩነት ምን ይመጣል? ከባሰም በኋላ አስተካክለዋለሁ» አልኩ። አዳመጥኩት። ድንቅ መሰለኝ።

ክፍል ውስጥ ስልኮቹን ምንጣፍ ላይ ደርድረን ልጆቹ መቱ። መተው እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ አፍንጫውን አከከ። የሳቴ ጥብስ ሻጯ ልጅ ሉህ ራስኒ፣ ምላሷ እንደ እናቷ ሳምባል የሚያቃጥል ነው፤ እሷ ናት የተናገረችው።

«ፓክ ክቱት፣ አይተነፍስም።»

«ምኑ?»

«ነሐሱ። ሞቷል እኮ!» ይህን በጣም ጮኻ ነው ያለችው። ዘንድሮ ልጆቹ ሁሉ ሲያናግሩኝ ይጮኻሉ፤ ሥርዓት የሚባል ነገር ጠፍቷል።

ደሜ ፈላ። «ሂጂ ጆሮሽን ታጥበሽ ነይ!» አልኳት። አላለቀሰችም፣ አልሄደችምም። ድምፅን በመስመር የሚሥለውን ፕሮግራም ከፍታ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ጥንድ ነሐስ ሲመታ መስመሩ እንደ ዶቃ ክር እየወፈረ እየቀጠነ መሄድ ነበረበት። እሱ ግን አንድ ጊዜ ወፍሮ ጭራው እየቀጠነ ጠፋ፤ የአይጥ ጭራ። ሞገድ የሚባል የለበትም።

ደክሞኝ ነበር። ዝናብም እየዘነበ ነበር፤ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ዝናብ ሲወርድ ማን ይሰማል? «ልጆቹስ በዚያው ጣራ ሥር ሆነው እንዴት ሰሙ?» ትይኝ ይሆናል። እሱን ሆድ ይፍጀው።

ወንዶቹን ልቀዳ ወደ ሬጌግ ተመለስኩ። ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሴቲቱን ያለ ባሏ ይዘሃት ሄድክ? በዚህ ዕድሜህ?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁልፉን መክፈት ጀመረ። ከፍቶ ዞር ሲል አየኝ፤ መልስ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር። እኔም «አዎ፣ አዎ» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ፊቱ ተለወጠ። ቀረበኝና አፉን ሞልቶ እንዲህ አለኝ፦ «ክቱት፣ እኔ ያልኩህ ‹ቤትህ እየተቃጠለ ነው› ነው።»

አየሽ ተንኮሉን! ሰው ወዳጁን እንዲህ ይፈትናል?

«ጆሮ የሌለው ሰው ነሐስ ያስተምራል?» አለ። መሳቁን ትቷል። ይሄኔ መሳቁ በተሻለኝ።

«ያስተምራል!» አልኩት። «ጣት አለው፣ ዓይን አለው፣ ደረት አለው። አንተ ሙሉ ጆሮህን ይዘህ ስንት ልጅ አስተማርክ?»

«እንግዲያው በዓሉ ቀን እመጣለሁ» አለ። «ሞገዱን ካልሰማሁ ወላጆቹ ፊት ቆሜ እናገራለሁ። በሞተ ነሐስ ልጆቻችንን አታስለምድብንም።»

«ና! ነጭህን ለብሰህ ና!»

የማኅበሩ አለቃ «ይህ ሙዚቃ አይደለም» ካለ ደግሞ የትኛው ወላጅ «ነው» ሊል ነው? የክፍሌ ነገር በዚያ ሰው አፍ ላይ ወደቀ። ደሜ እየተንተከተከ ወንዶቹን ቀዳሁ። በዚህኛው ጊዜ ዓይኔን ከስክሪኑ ላይ አልነቀልኩም። መዳፌንም መሣሪያው እግር ላይ አድርጌ፣ ሴቷና ወንዱ አብረው ሲመቱ ሞገዱ በክንዴ ወጥቶ ትከሻዬ ድረስ ሲደርስ ያዝኩት። ጆሮ ምን ያደርጋል ልጄ? ጆሮ በር ነው፤ ቤቱ ያለው ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አላረፍንም። ኢንተርኔት ላይ ያሉ የጎበዝ መቺዎችን ቪዲዮ እናወርድና ፍጥነቱን በግማሽ እንቀንሰዋለን። ቀኝ እጅ መትቶ ግራ እጅ ተከትሎት ድምፁን እንዴት እንደሚገድለው፣ በሙሉ ፍጥነት ማንም የማያየውን፣ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔንና ሬጌግን ያን ያስተማሩን በኩርኩም ነበር። መንገዱን ናዳ የዘጋው ሰሞን ደግሞ ልጆቹ እየቤታቸው ሆነው በቪዲዮ ላስተምር ሞከርኩ። ጉድ በይ! ዜማችን ለሁለት ተከፍሎ የተጠላለፈ ነው፤ አንዱ ልጅ ትቶ ያለፈውን ሌላው ይሞላል። ከራስኒ ጋር የሚመታው ልጅ የገዴ ፑጃ ግማሽ በኔትወርኩ ዞሮ እስኪደርስ የራስኒ ግማሽ አልፎ ሄዷል። ራስኒ «አንተ፣ በግ እየጎተትክ ነው እንዴ?» እያለች ስትሰድበው ስድቡ እንኳ ዘግይቶ ነው የደረሰው። በሥቃያችን ሳቅንና ተውነው። ይህ ሙዚቃ ትንፋሽ ለትንፋሽ ተቀምጠሽ ካልሆነ አይመታም፤ ኢንተርኔት ሁሉን ነገር ያመጣል፣ ይህን ግን አያመጣም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። መንገዱ ተከፍቶ ልጆቹ በተመለሱ በሳምንቱ ገዴ ፑጃ ውሃ ሊጠጣ ብሎ አንዱን ስልክ በእግሩ ተራመደው። ክፍሉ ሁሉ አፉን ከፈተ፤ ጩኸታቸው እኔ ዘንድ ሳይቀር ደረሰ።

«ተራመድከው!» አለች ራስኒ።

«ስልክ እኮ ነው!»

«አሁን ስልክ አይደለም!»

እኔ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አስተምሬያቸው አላውቅም። የሙዚቃ መሣሪያ ተራምዶ እንደማይታለፍ ከእናታቸው ጡት ጋር የጠጡት ነው፤ ግን ስልኩ መሣሪያ መሆኑን ማን ነገራቸው? ራሳቸው ወሰኑት። ልጁ ወጥቶ ከአጥሩ ሥር አበባ ቆረጠና በቅጠል አድርጎ ስልኩ ፊት አስቀመጠ፤ ይቅርታም ጠየቀ፤ ስልኩን! ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ። እንባዬን እንዲያዩብኝ አልፈለግሁም።

ትናንት በዓሉ ደረሰ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ግቢው ጭቃ ሆኗል። ምንጣፉን ከግድግዳ እስከ አበባው መደብ ዘረጋነው፤ ስልኮቹ ተደረደሩ፤ ያንቺ ድምፅ ማጉያ መሐል ላይ ቢጫ ጨርቅ ታጥቆ እንደ ሙሽራ ተቀመጠ። እናቶቹ አበባና ሩዝ አቀረቡ። ካህኑ ጠበል ሲረጩ ልጆቹ ስክሪኑ እንዳይበላሽ ስልኮቹን በመዳፋቸው ከለሉ። ካህኑ ሳቁና ጣታቸውን ብቻ አርጥበው ነካ ነካ አደረጓቸው። ሬጌግ ከነማኅበሩ መጣ፤ ነጭ ኩታ፣ ነጭ ሻሽ፣ ፊቱ ግን ጥቁር ደመና። ከሁሉም ፊት ተቀመጠ። ኢቡ ላስሚ ከጎኑ ተቀመጠች።

እኔ ድምፅ ማጉያው ኋላ ተንበርክኬ መዳፌን ጀርባው ላይ ጫንኩ። ልጆቹ መቱ።

ከመጀመሪያው ምት ሞገዱ መጣ። በመዳፌ ገብቶ፣ በክርኔ አልፎ፣ ደረቴ ውስጥ ኡዉ-ኡዉ-ኡዉ አለ። የራስኒና የገዴ ጣቶች እንደ ሁለት አይጦች ይሯሯጣሉ፤ አንዱ በተወው ሌላው ይገባል። ዓይኔን ሬጌግ ላይ ተከልኩ። ፊቱ ድንጋይ ነበር። ኋላ አራተኛው ሳንቃ ሲመታ አገጩ ቀና አለ። ለካ ዶሮው ነው! ያ ዶሮ ባለፈው ወር ውጊያ ላይ ሞቶበታል፤ ስልኩ ውስጥ ግን እየጮኸ ነው። ማኅበርተኞቹ ሳቃቸውን በሻሻቸው አፈኑ። ሬጌግ አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ግን አየሁት ልጄ፣ በዓይኔ አየሁት፤ የግራ እጁ ጣቶች ጭኑ ላይ የሌለ ነሐስ ይዘው ድምፁን እየገደሉ ነበር።

አለቀ። ሰው አጨበጨበ፣ እጃቸውን አየሁ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሬጌግ ዞረ። ይናገራል ብለው ነው የጠበቁት፤ እኔም ጠበቅሁ።

ተነሣ። አልተናገረም። የግቢው በር ያለው ከምንጣፉ ማዶ ነው። ምንጣፉ ከግድግዳው ጫፍ ገጥሟል፤ በአበባው መደብ በኩል ደግሞ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። መሐል ላይ ሁለት ስልክ ብቻ ነው ያለው፤ አንድ ርምጃ፣ ልጅ እንኳ የሚዘለው። «ስልክ ነው» ያለ ሰው ተራምዶ ይሂዳ! ሬጌግ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቆመና ስልኮቹን ቁልቁል አያቸው።

የነጭ ሽርጡን ጫፍ ሰብስቦ ያዘ። ወደ አበባው መደብ ዞረ። ያን ሁሉ ጭቃ እየረገጠ፣ ሽርጡ እየተረጨ፣ ምንጣፉን ዙሪያውን ዞሮ ወጣ። ማኅበርተኞቹም ተያዩና አንድ ባንድ ተከትለውት በጭቃው ዞሩ። ወላጆቹም ዞሩ። ግቢውን የለቀቀ ሰው ሁሉ እግሩ በጭቃ ተለውሶ ነው የለቀቀው።

ራስኒ እየዘለለች መጣችና ፊቴ ቆማ በጣቷ አየር ላይ ክብ ሠራች። ዞረ! ዞረ! ማለቷ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ጮኸው የሚያናግሩኝ፣ ሁልጊዜ በግራ ጆሮዬ በኩል ለመቀመጥ የሚጣሉት፣ ፊቴ መጥተው በእጃቸው የሚያወሩት ለካ ሥርዓት ጠፍቶ አይደለም። ኢቡ ላስሚም መጣችና ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ከንፈሯን በደንብ እያላቀቀች፣ ቀስ ብላ «ፓክ ክቱት፣ ሰዓቱ የእርስዎ ነው» አለችኝ። ልጆቹ እንደዚያ እንድትናገር አስተምረዋታል ማለት ነው።

ተናደድኩ። ከዚያ ንዴቴ ወዴት እንደሄደ እንጃ። ቢያውቁስ? ክፍሌ አልተዘጋም። ሰኞ ጠዋት አስተምራለሁ፤ ማክሰኞም አስተምራለሁ። መዳፌ እስካለ ድረስ ከዚያ ምንጣፍ ላይ የሚያስነሳኝ የለም። የሰማ ላልሰማ ያሰማ!

አንቺ ደግሞ «አባቴ እንዲህ ሆኗል» ብለሽ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ። ምንም አልሆንኩም። ኔትወርኩ ነው አልኩሽ እኮ።

እቤት ስገባ እናትሽ እንደ በዓሉ ደንብ በቤቱ ላሉት መሣሪያዎች ሁሉ አበባ አቅርባለች፤ ለአባቴ ዋሽንት፣ ለከበሮዬ፣ ለስልኬ። ያንቺንም ትንሽ ሳጥን አውጥታ ከእነሱ ጋር መተላለፊያው ላይ ደርድራታለች፤ በላይዋ ቀይ አበባ፣ ሩዝ፣ አንዲት ብስኩት።

«ይቺ ደግሞ መሣሪያ ናት እንዴ?» አልኳት።

የሆነ ነገር አለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕጣን እየለኮሰች ነበር። ምን እንዳለች አልሰማሁም። እንደ ልማዴ ራሴን ልነቀንቅ ብዬ ሬጌግ ትዝ አለኝና ተውኩት። ዞር አላለችም።

ሳጥኗ በመንገዴ ላይ ነበረች። እጅ የምታህል ነገር ናት፤ ሰው ቢራመዳት ማን ያያል? ቆሜ አየኋት። ከዚያ ተመለስኩና በወጥ ቤቱ በኩል ወጥቼ፣ ግቢውን ዞሬ፣ በዝናቡ ወደ መኝታዬ ገባሁ። ይህን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።

የባሕሩ ጌታ ማዕበሉን ያርግብልሽ፤ የመርከቡ ሰዎች እንደ እህት ይዩሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይቃናልሽ። አያቶችሽ በሄድሽበት ይሂዱ፣ ስትመለሺም ይቅደሙሽ። ብይ፣ ተኚ፣ አትክሺ።

በሚቀጥለው ወር ስትደውይ በእናትሽ ስልክ ደውዪ። ምናልባት እኔም አነሳዋለሁ።

አባትሽ
ክቱት ሬንታና
የቴጋል አሪ ትምህርት ቤት የሙዚቃ አስተማሪ፤ አሁንም